ጁን ላይ የተተከለ የካሊፎርኒያ ባህር ዳርቻ ቁልቋል፦ ለምን ከስሩ ይበሰብሳል፣ እንዴትስ ይድናል

እህቴ ጥያቄሽን አነበብኩት፣ ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። ሳንዲያጎ ነው የምትኖሪው፣ ከውቅያኖሱ ጥቂት ማይል ገባ ብሎ። የውሃ ክፍያው ሲያንገሸግሽሽ የፊት ለፊቱን ሳር ነቀልሽና በቦታው ኮስታል ፕሪክሊ ፒር የሚሉትን ያገሬውን ቁልቋል አራት ቅጠል ጁን ላይ ተከልሽ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ኮምፖስት ጨመርሽ፣ ድሪፕ (ውሃ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) ዘርግተሽ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ታጠጪዋለሽ፣ አሁን ሁለቱ ከስራቸው ቢጫ ሆነው ለስልሰዋል፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ወድቋል። "አዲግራት አያቴ ጓሮ በለስ ወርውረነው ነበር የሚበቅለው፣ እዚህ ምን ነክቶት ነው፣ ውሃ አንሶት ይሆን እንዴ ልጨምርለት?" ብለሻል። ከዛ ደግሞ ልጆች ስላሉሽ የእሾሁ ነገር፣ ፍሬውስ ይበላል ወይ የሚል አለበት።

እባክሽ እንዳትጨምሪ! እንዲያውም ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሄደሽ ድሪፑን ዝጊው። ታይመሩን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ወደነሱ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ቆርጠሽ ድፈኚው፣ ታይመር መልሶ የሚያበራ ሰው ከቤት አይጠፋም። ተክልሽን የገደለው ጥም ሳይሆን ሥር ሳያወጣ ቁስሉን እርጥብ ኮምፖስት ውስጥ ነክሮ መክረሙ ነው። እኔ እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ የአትክልት ስራ ላይ ነኝ፣ ቁልቋሌ ታመመብኝ ብሎ የሚደውል ሰው አብዛኛው ውሃ ያበዛ ሰው ነው፣ ጥም የገደለበት ሰው ብርቅ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን እናድን። የለሰለሱትን ሁለቱን ንቀያቸው፣ በእጅሽ አይደለም፣ ስጋ በምትገለብጪበት መቆንጠጫ ወይም ደጋግመሽ ባጠፍሽው ጋዜጣ ይዘሽ። ቢላውን በአልኮል ጥረጊ፣ ከለሰለሰው ክፍል ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ብለሽ ቁረጪና የተቆረጠውን ፊት እይው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ንፁህ ከሆነ፣ ማለት ዳሩ አረንጓዴ መሀሉ ነጣ ያለ ከሆነ፣ ደህና ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ወይም መስመር ካየሽ ገና አልጨረስሽም፣ ቢላውን እንደገና ጠርገሽ ንፁህ እስኪሆን ጨምረሽ ቁረጪ። ከዛ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አቁመሽ ተይው፣ ጋራዥ መደርደሪያ ላይም ይሆናል። የተቆረጠው ቦታ ቁስል ቅርፊት እንደሚያበጀው ይደርቅና ይጠነክራል፣ ለሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፣ ግን ሁለት ሳምንቱ ሞላ ብለሽ በዚህ ሙቀት መልሰሽ እንዳትተክይው፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይቆይ። አትሳቀቂ፣ ይሄ ነገር ያለ አፈር ያለ ውሃ ወራት ይቆያል፣ ይከሳል ይሸበሸባል እንጂ ቶሎ አይሞትም፣ አንዳንዴ እዛው መደርደሪያው ላይ ሥር አውጥቶ ታገኚዋለሽ። የወደቀውን ቁረጪና መሀሉ ድረስ ቡናማ ከሆነ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው። ኮምፖስት ክምር ላይ ግን አይሆንም፣ ደህናው ቁራጭ እዛው ይበቅልብሻል፣ በሽታውም እዛው ይቀመጣል። አራተኛው ጠንካራ ከሆነ አትንኪው፣ ዙሪያውን ያለውን ኮምፖስት ብቻ ገለጥ አርገሽ አንገቱ አየር ያግኝ።

አሁን ወደ አያትሽ በለስ ልምጣ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ዋናው ነገር ያለው እሱ ጋ ነው። አያትሽ ትክክል ነበሩ። አንቺ የሳቸውን ዘዴ ብትደግሚው ኖሮ እዚህም በሰራልሽ፣ ግን አልደገምሽውም። ድንጋያማ መሬት ላይ የተወረወረ ቅጠል መጀመሪያ ፀሀይና ነፋስ ነው የሚያገኘው፣ የተሰበረበት ቦታ ይደርቃል፣ ከአፈሩ ጋር የሚነካካው በጥቂቱ ነው፣ ክረምቱ ሲመጣ ቁስሉ ደርቆ ይጠብቀዋል፣ መሬቱም ዳገት ስለሆነ ዝናቡ ወርዶ ይሄዳል እንጂ አይተኛበትም። ኮምፖስት የለ፣ ድሪፕ የለ።

ሌላው ደግሞ ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ይሁኑ እንጂ አገራቸው ይለያያል። የኛ በለስ፣ ሳይንሱ ኦፑንሺያ ፊከስ ኢንዲካ የሚለው፣ ዘሩ ከሜክሲኮ ነው፣ የሜክሲኮ ደጋ ደግሞ ዝናቡን ባብዛኛው የሚያገኘው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው፣ ልክ እንደኛ ክረምት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ ሲገባ ከፍታውም የዝናቡ ወቅትም የሚያውቀው ዓይነት ሆኖ ነው የጠበቀው፣ ስለዚ ማንም ሳያስተምረው ተራራውን ሞላው። አንቺ ጋ ያለው ኦፑንሺያ ሊቶራሊስ ግን የካሊፎርኒያ ባህር ዳር ልጅ ነው፣ ከሳንታ ባርባራ አካባቢ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ሜክሲኮው ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ፣ ቻነል አይላንድስ የሚባሉት ደሴቶች ላይም አለ። እዚህ የሚዘንበው ዊንተር ነው። ሳንዲያጎ ባህሩ አካባቢ በዓመት የምታገኘው ወደ 10 ኢንች፣ 250 ሚሊሜትር ገደማ ነው (አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች)፣ እሱም ባብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ። ሰመር ላይ ያው እንደምታይው ጠዋት ጠዋት ጉም ይመጣል ይሄዳል፣ ዝናብ ግን የለም። ተክሉ የለመደው ይሄንን ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጠጣል ሲሞቅ ያርፋል።

ስለዚ ወሩን ገልብጪው። ይሄ ለሀበሻ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ሰኔ ሲገባ አንድ ነገር አፈር ውስጥ ካልከተትን ደስ አይለንም፣ እዚህ ግን ሰኔ ማለት ለዚህ ተክል የእረፍት መጀመሪያ ነው።

ለምን እረፍት እንደሚያስፈልገው ትንሽ ላብራራ፣ ከገባሽ ሌላውን ሁሉ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ሌላው ተክል ቀን ላይ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አየር ሲያስገባ በዛው ውሃው ይተንበታል። ቁልቋል ቀን ዘግቶ ይውልና ማታ ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ካርቦንዳይኦክሳይዱን አስገብቶ በአሲድ መልክ ያስቀምጠዋል፣ ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግቶ ያንን ያጠራቀመውን በፀሀይ ይጠቀምበታል (ጠዋት የተቆረጠ ኖፓል፣ ማለት ለምግብ የሚቆረጥ የቁልቋል ቅጠል፣ ከሰዓት ከተቆረጠው የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው)። ሥሩ ደግሞ ጥልቅ አይወርድም፣ ከላይኛው አንድ ጫማ አፈር ውስጥ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፣ አፈሩ ሲደርቅ ደቃቆቹ ሥሮች ይሞታሉ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ በቀናት ውስጥ አዳዲስ ያወጣል። እንግዲህ ሰመር ላይ ሥሩን አራግፎ የተቀመጠ ተክል ላይ፣ በተለይ ገና ሥር ያላወጣ ቁራጭ ላይ፣ ውሃ ስታፈሺ ማን ነው የሚጠጣው? ማንም። ውሃው አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ አፈሩ ሞቃት ነው፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፣ ቁስሉ ክፍት ነው፣ በቃ ይገባሉ። ኮምፖስቱ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ነገሩን አባባሰው። ለቲማቲም የምታረጊውን ሁሉ ነው ያረግሽለት፣ ለቲማቲም ጥሩ ነበር።

ከመትከልሽ በፊት ያለሽ ነገር እውነት እሱ መሆኑን አረጋግጪ፣ ምክንያቱም ሰው ከጎረቤት ቆርጦ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሊቶራሊስ ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ነው፣ ባብዛኛው ሦስት ጫማ ቢሆን ነው ቁመቱ፣ ወደ ጎን ግን ስድስትም አስርም ጫማ ይሄዳል። ቅጠሉ (በነገራችን ላይ ቅጠል የምንለው ግንዱ ነው፣ እውነተኛ ቅጠሎቹ አዲስ ሲያወጣ የምታያቸው ትንንሽ ቀንድ መሳዮች ናቸው፣ ወዲያው ይረግፋሉ) ሞላላ ነው፣ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፣ ረጃጅም እሾህ አለው። ቅጠሉ ክብ ሆኖ እሾሁ ቢጫና ጎበጥ ያለ ከሆነ ኦሪኮላ የሚባለው ሌላው የባህር ዳር ዘመዱ ነው፣ አያያዙ አንድ ዓይነት ስለሆነ አትጨነቂ። ቅጠሉ ከአንድ ጫማ በላይ፣ እሾሁ ጥቂት፣ ቁመቱ ዛፍ የሚያክል ከሆነ ግን የራሳችን በለስ ነው። እዚህ በ1769 ሳንዲያጎ ላይ የመጀመሪያውን ሚሽን (የካቶሊክ ሚስዮን ጣቢያ) የተከሉት የስፔን መነኮሳትና ከነሱ በኋላ የመጡት በየሚሽኑ ያለሙት ነው፣ እስካሁን ሚሽን ካክተስ ይሉታል፣ ፍሬውን ይበሉታል፣ ከቅጠሉ የሚወጣውን ልጋግ ደግሞ ከጭቃና ከኖራ ጋር ቀላቅለው ግድግዳ ይሰሩበት ነበር። ከሊቶራሊስ ጋር ይዳቀላል፣ ስለዚ መሀል ላይ ያለ ዓይነትም ብዙ አለ። እና ስትቆርጪው ነጭ ወተት ከወጣ ጭራሽ ካክተስ አይደለም፣ ያገር ቤቱ የአጥር ቁልቋል ወገን ነው፣ ያ ወተት ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ።

አፈሩ ላይ ጊዜ ብትሰጪ ሌላው ቀላል ነው። አንድ ጫማ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ውሃ ሙይው፣ ይውረድ፣ እንደገና ሙይው፣ ሁለተኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ቦታሽ ጥሩ ነው፣ በነጋታው ውሃ ካገኘሽበት እዛ ጉድጓድ ውስጥ ምንም ቁልቋል አትትከይ። ሳንዲያጎ ብዙ ሰፈር ሸክላ አፈር ነው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከስር እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ንጣፍ አለ። መፍትሄው መቆፈር አይደለም፣ ከፍ ማድረግ ነው። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጫማ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ አራት አምስት ጫማ የሆነ ጉብታ ስሪ። ያገሩን አፈር ከፓሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ዲጂ ከሚሉት የተፈረፈረ ግራናይት ጋር እኩል እኩል ቀላቅይ፣ ኮምፖስት የለበትም፣ ማዳበሪያም የለበትም። የባህር አሸዋ ከቢች በባልዲ አምጥተሽ እንዳትጨምሪ፣ ጨው አለው፣ መውሰዱም አይፈቀድም፣ ደቃቅ አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይጠጥራል። ሌላ ሰው ሁሉ የሚመክረው ስህተት አለ፣ ጉድጓዱ ስር ጠጠር አንጥፊ ይሉሻል ውሃው እንዲወርድ፣ ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፣ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዛው ሥሩ ጋ ይቆማል። ጠጠር ከላይ ነው የሚነጠፈው፣ አንገቱን ያደርቅለታል፣ አረምም ይቀንሳል። ግቢሽ ዳገት ቢጤ ካለው ደግሞ ጉብታም አያስፈልግሽ፣ እዛው ላይ ትከይው።

ቦታውን በተመለከተ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሀይ ያስፈልገዋል። የባህሩ ጉምና ጨዋማው ነፋስ ምንም አይለውም፣ እሱን ነው የለመደው። ከቤቱ ግድግዳ አምስት ጫማ አርቂው፣ ሰደድ እሳት የሚያሰጋው ሰፈር ከሆንሽ በተለይ። ቅጠሉ ራሱ ውሃ የሞላው ስለሆነ በቀላሉ አይነድም፣ ከስሩ ግን የደረቀ ሳርና ቅጠል ይከማቻል፣ አይጦችም ጭራሮ እያመጡ ጎጆ ይሰሩበታል፣ የሚነደው እሱ ነው፣ በዓመት አንዴ በረጅም መጥረጊያ ማውጣት ነው። ከእግረኛ መንገዱም አራት ጫማ አርቂው፣ አሁን አንድ ቅጠል ሆኖ ስታይው ትንሽ ይመስልሻል ግን ይሰፋል። የጎረቤት ስፕሪንክለር የሚደርስበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ እንዳይሆን።

ኦክቶበር መጨረሻ ወይ ኖቬምበር፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም መጥቶ ሲሄድ ትከይ። ደረቅ ቅርፊት ያበጀውን ጎን ወደ ታች አርገሽ ሲሶውን ወይም ግፋ ቢል ግማሹን ቅበሪው፣ እንዳይወድቅ በሁለት ድንጋይ ደግፊው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ምስራቅና ወደ ምዕራብ ይዙር፣ እንደዛ ሲሆን የቀትሩ ፀሀይ ስስ ጠርዙ ላይ ያርፋል፣ ሰፊው ፊቱ የጠዋቱንና የማታውን ለስላሳ ፀሀይ ያገኛል፣ ጋራዥ ጥላ ውስጥ የከረመ ቅጠል ድንገት ቀትር ላይ ካገኘው ይቃጠላል፣ ነጭ ጠባሳ ይሆንበታል። ከተከልሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም ውሃ የለም። ዝናብ ቢዘንብ ግን አትሸፍኚው፣ ቁስሉ ደርቋል አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ችግር የለውም። ከዛ በመቆንጠጫ ይዘሽ ቀስ አርገሽ ነቅነቅ አርጊው፣ እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል። ሥር ከያዘ በኋላ ዊንተሩ ደረቅ ከሆነብሽ በሦስትና በአራት ሳምንት አንዴ በደንብ አጠጪው፣ ኤፕሪል ላይ አቁሚ።

የመጀመሪያው ሰመር ላይ ሰው ሁሉ ይፈራል። ሁለት ምልክት አለ፣ ሁለቱን እንዳታምታቺ። የተጠማ ቅጠል ከላይ ጀምሮ ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፣ ይጎነበሳል፣ ግን ስትነኪው ጠንካራ ቆዳ ነው፣ ቀለሙም አረንጓዴ ወይ ግራጫ እንደሆነ ነው። የበሰበሰ ከስር ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፣ ስትጫኚው ይሰረጉዳል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ያንቺዎቹ ሁለተኛው ናቸው። በመጀመሪያው ሰመር በጣም ከተሸበሸበ በወር አንዴ ማታ ላይ አንድ ጋሎን ብትሰጪው ይበቃል፣ ካልተሸበሸበ ምንም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ዝናቡ ይበቃዋል፣ በጣም ደረቅ ዊንተር ካልገጠመ በስተቀር እርሺው። ትንሽ መሸብሸብ በሽታ አይደለም፣ ተራራው ላይ ያሉት ኦገስት ላይ ሁሉም እንደዛ ናቸው፣ ኖቬምበር ላይ መልሰው ይሞላሉ።

የልጆቹ ነገር። ትልልቁ እሾህ አያሳስብሽ፣ ልጅ ያየዋል ይሸሸዋል፣ አንዴ ከወጋው ሁለተኛ አይቀርብም። አስቸጋሪው በየእሾሁ ስር ተሰብስቦ ያለው ፀጉር የሚያክል ደቃቅ እሾህ ነው፣ ጫፉ ወደ ኋላ የዞረ መንጠቆ አለው፣ ሲነኩት ከተክሉ ወዲያው ይለቅና ቆዳ ውስጥ ይቀራል። በለስ የላጠ ሰው ያውቀዋል። ከገባ አትሹት፣ መሸት ወደ ውስጥ ነው የሚከተው፣ በአፍም አይነቀልም (ልጆች ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ምላስ ላይ ሲገባ የባሰ ነው)። ጥሩ ብርሃን ስር ሆነሽ በወረንጦ የሚታየውን ልቀሚ፣ ከዛ የልጆች ነጭ ሙጫ ቀጭን አርገሽ ቀቢና ስስ ጨርቅ ለጥፈሽበት ሲደርቅ ላጪው፣ የቀረውን ይዞት ይመጣል። ፕላስተር ብቻውን ብዙም አይሰራም። ዓይን ውስጥ ከገባ እቤት አትሞክሩ፣ ቀጥታ ሀኪም ጋ። ስትሰሪ የተጠቀምሽበትን የቆዳ ጓንት ሌላ ስራ ላይ አታውይው፣ እሾሁ ውስጡ ተሰክቶ ይቀርና በሚቀጥለው ጊዜ ራስሽን ይወጋሻል።

አጥር ከመስራት ይልቅ እኔ የምመርጠው ከፊት ለፊቱ ሌላ ያገሬው ተክል መደርደር ነው፣ ልጅም ኳስም እዛ ላይ ይቆማሉ። ቢጫ አበባ ያለው ኤንሲሊያ፣ ካሊፎርኒያ በክዊት፣ ክሊቭላንድ ሴጅ፣ እነዚህ ተራራው ላይም አብረውት ነው የሚኖሩት፣ የውሃ ልማዳቸውም ተመሳሳይ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቁልቋሉን ከጽጌረዳ ጋር ይተክልና ለጽጌረዳው ሲያጠጣ ቁልቋሉን ይገድለዋል። ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር) ካለሽና ቁልቋል አይፈቀድም ካሉሽ ደግሞ የካሊፎርኒያ ሲቪል ኮድ (የፍትሐ ብሔር ሕግ) ቁጥር 4735ን አንብበሽ ሂጂ፣ ትንሽ ውሃ የሚጠቀም ተክል በደፈናው መከልከል አይችሉም፣ ስለ አተካከሉ ደንብ ማውጣት ግን ይችላሉ። እና ሳር ለመንቀል ላሰባችሁ ሌሎች፣ የውሃ መስሪያ ቤቶቹ ለሳር ነቃይ የሚሰጡት ገንዘብ ማመልከቻው ሳሩ ሳይነቀል በፊት ነው የሚገባው፣ ነቅሎ ከመጣ ሰው አይቀበሉም፣ እህታችን ምናልባት አምልጧታል።

ፍሬው ይበላል። በፀደይ መጨረሻ፣ ሜይና ጁን አካባቢ፣ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ንቦች ውስጡ ገብተው ይንከባለላሉ፣ ከዛ ፍሬው ሰመሩን ቆይቶ ወይንጠጅ ቀይ ይሆናል። ግን አያትሽ ጓሮ የምታውቂውን በለስ አትጠብቂ፣ ትንሽ ነው፣ ዘሩ ይበዛል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል፣ ለጁስና ለማርማላታ ይሻላል። በመቆንጠጫ ይዘሽ የጋዝ ምድጃ ላይ አዟዙሪው፣ ደቃቁ እሾህ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ከዛ በብሩሽ እጠቢ። ልጆቹ ዘሩን እየዋጡ አብዝተው እንዳይበሉ ብቻ፣ በለስ ያበዛ ሰው በነጋታው ሽንት ቤት ምን እንደሚገጥመው አዲግራት ላደገ ሰው አይነገርም። ለመብላት ብለሽ ከሆነ አንድ የበለስ ቅጠል ጓሮ ውስጥ ለብቻው ትከይ፣ እሱ ትንሽ የሰመር ውሃ ይችላል። ቤትሽ ከካንየን፣ ካልተነካ ሸለቆ ማለት ነው፣ አጠገብ ከሆነ ግን ባትተክይው እመርጣለሁ፣ ወፍ ዘሩን ወስዶ ካገሬው ጋር ይዳቀላል።

አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ታያለሽ። ጨፍልቂው፣ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ከወጣ ኮቺኒል ነው። ከትግራይ የመጣ ሰው ይሄን ሲያይ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፣ እውነቱን ነው። እንደ ፈረንጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብሎ እዛ የገባው ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ በተለይ ደቡብ ትግራይ ላይ ስንት ቤተሰብ የሚበላበትን፣ ከብቱም የሚመገበውን በለስ ነው የጨረሰው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ነፍሳቱ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ስለሆነ እሱን የሚበሉ ጥንዚዛዎችና የእሳት ራት ትሎችም አብረውት አሉ፣ እዛ የጎደለው እነሱ ነበሩ። ስለዚ መርዝ አትርጪ፣ የሚበሉለትን ትገድያለሽ። በጎማ ጠንካራ ውሃ ቅጠሉን እጠቢው፣ ጠዋት ላይ፣ አፈሩን ሳታጨቀዪ፣ ካልለቀቀ ትንሽ የሳሙና ውሃ በብሩሽ። ደግሞ አደራ፣ አገር ቤት ስትሄጂ ከዚህ ቅጠልም ሆነ ፍሬ በሻንጣ ይዘሽ እንዳትገቢ፣ ከፍሎሪዳም ማንም ቅጠል ቢልክልሽ አትቀበይ። እዛ በ1989 የተገኘ ካክቶብላስቲስ የሚባል የእሳት ራት አለ፣ ትሉ ቅጠሉን ከውስጥ ነው የሚበላው፣ አውስትራሊያ በ1920ዎቹ አገር የወረረባትን በለስ ያስጠፋችው በሱ ነው።

የጎደለሽን ቅጠል ለመተካት ቶሪ ፓይንስ (የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ) ወይም ካንየን ገብተሽ እንዳትቆርጪ፣ አይፈቀድም። ባይከለከል እንኳን እዛ ያለው ቁልቋል ባለቤት አለው፣ ካክተስ ሬን የምትባል ወፍ አለች፣ የባህር ዳሯ ዓይነት ጎጆዋን የምትሰራው ቁልቋል መሀል ነው፣ ያውም ሦስት ጫማና ከዛ በላይ ከፍ ያለውን መርጣ። በ2003 እና በ2007 የሳንዲያጎ ትልልቅ እሳቶች ብዙ ቁልቋል ነው ያቃጠሉባት፣ ለዚህ ብለው ሰዎች ቅጠል በቅጠል መልሰው እየተከሉ ነው። ያገሬው ተክል የሚሸጡ ነርሰሪዎች ጋ በማሰሮ ያለ ሥር የያዘ ተክል ርካሽ ነው፣ ካሊፎርኒያ ኔቲቭ ፕላንት ሶሳይቲ የሚባለው ማህበርም ብዙ ጊዜ ፎል (ከዊንተር በፊት ያለው ወቅት) ላይ ሽያጭ ያደርጋል፣ ወሩም ለመትከል የሚሆነው ያኔ ነው።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፣ የጣራው ውሃ መውረጃ አሸንዳ በየት በኩል ነው የሚያፈሰው? አሁን ሰመር ስለሆነ አይታይሽም፣ ዊንተር ላይ ግን አንድ ዝናብ ሙሉ ጣራውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ነው የሚያወርደው። ወደ ተከልሽበት በኩል ከሆነ ጉብታ ብትሰሪም ስሩን ይሸረሽረዋል፣ ያኔ ቦታውን ወደ ሌላኛው ጎን እናዞረዋለን። እሱን እይና የቆረጥሽውንም ፊት በፎቶ ላኪልኝ፣ መሀሉ ቡናማ ይሁን አይሁን አይቼ እነግርሻለሁ።